«እሱ ሰረቀ፣ አንቺ ተሳደብሽ፤ እኩል ናችሁ» ተባልኩ

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት እንደምጀምር አላውቅም፣ ዝም ብዬ ልጻፈው። 34 ዓመቴ ነው። ሰባት ዓመት ቤይሩት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ደመወዜ መጀመሪያ 150 ዶላር ነበር፣ በኋላ 200 ሆነ። የካርድና የሳሙና እያስቀረሁ የቀረውን በሙሉ ለታላቅ ወንድሜ ነበር የምልከው። ውክልና ሰጥቼው በስሜ የባንክ ደብተር ከፍቶልኝ ነበር። «አንቺ ብቻ ሥሪ፣ እኔ አለሁልሽ» ይለኝ ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ እንደ አባት ነው የማየው።

ተመልሼ ደሴ ስገባ ደብተሩን ጠየቅኩት። ዛሬ ነገ እያለ ወር አለፈ። በመጨረሻ እኔው ባንክ ሄጄ ጠየቅኩ። ከ310,000 ብር በላይ ልኬ የቀረው 11,400 ብር ነው። መጀመሪያ «ንግድ ላይ አውዬው ከሰረ» አለኝ። በኋላ እውነቱን የነገረችኝ ሚስቱ ናት። አብዛኛው የሄደው ቤቲንግ ቤት ነው፣ የኳስ ውርርድ።

የፋሲካ ማግስት እናታችን ቤት ሁሉም ተሰብስቦ እያለ አልቻልኩም። ሌባ አልኩት። የማይባል ነገር ሁሉ አወጣሁ። «የበላኸው ገንዘቤ ለልጅህ መድኃኒት መግዣ ይሁን» አልኩት። የስድስት ዓመት ልጁ ዳቦ በእጇ ይዛ እዚያው ቆማ ነበር። ፊቷ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

እኔና ወንድሜ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባላት ነን፣ እናታችን ኦርቶዶክስ ናት። ጉዳዩ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ደረሰ። አንዱ ሽማግሌ ያዕቆብ 2፥10ን አነበቡልን። ከዚያ «በእግዚአብሔር ፊት ትልቅ ኃጢአት፣ ትንሽ ኃጢአት የሚባል የለም። እሱ ሰረቀ፣ አንቺ ተሳደብሽ፣ ረገምሽ፣ ጠላሽው። ወንድሙን የሚጠላ ነፍሰ ገዳይ ነው ይላል ቃሉ። እኩል ናችሁ። ይቅር ተባባሉና ከዚህ በኋላ ገንዘቡን አታንሺ» አሉኝ። ወንድሜ አልቅሶ አቀፈኝ። ሁሉም አሜን አለ። እኔ ደንዝዤ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ የጌታ እራት ሲቀርብ አልወስድም። ጥላቻ ካለብኝ ነፍሰ ገዳይ ነኝ ማለት ነው ብዬ። ማታ ሲመሽ ደግሞ ሌሊት ቆሜ የተኮስኩት ልብስ ሁሉ ትዝ እያለኝ እቃጠላለሁ። እውነት የእኔና የእሱ ኃጢአት እኩል ነው? ገንዘቤን ብጠይቅስ ይቅርታውን አፈረስኩ ማለት ነው? እባክዎ ይምከሩኝ።

ግራ የገባት፣ ከደሴ



የኔ እህት፣ ሳላድበሰብስ ልመልስልሽ። አይ፣ እኩል አይደለም። ገንዘብሽን ብትጠይቂም ይቅርታውን አላፈረስሽም። ለምን እንዲህ እንደምል ግን ቁጭ ብለን እንየው። ያሰረሽ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ስለሆነ የእኔ «አይዞሽ» ብቻውን አይፈታሽም።

ሽማግሌው ክፉ አስበው ነው አልልም። ቤተሰብ እንዳይበተን ጨንቋቸው ይሆናል። ጥቅሱም በእርግጥ አለ፦ «ሕግን ሁሉ የሚጠብቅ፥ ነገር ግን በአንዱ የሚሰናከል ማንም ቢኖር በሁሉ በደለኛ ይሆናል።» ግን እባክሽ ዛሬ ማታ ያንኑ ምዕራፍ ከቁጥር 1 ጀምረሽ አንብቢው። ስለ ምንድን ነው የሚያወራው? የወርቅ ቀለበት ያደረገ ሰው ወደ ጉባኤ ሲገባ ጥሩ ቦታ ይሰጡታል። ያደፈ ልብስ የለበሰውን ድሀ ግን እዚያ ቁም ይሉታል። ያዕቆብ የተቆጣው በዚህ ነው። ድሀ እያዋረዳችሁ «ሌላውን ሕግ ጠብቀናል» አትበሉ፣ ሕጉን ሁሉ የሰጠው አንዱ አምላክ ነው እያላቸው ነው። እንግዲህ ይሄ ቃል ሰባት ዓመት ሰው ቤት ስታጥብና ስትተኩስ ለኖረች ሴት የአፍ መዝጊያ ሲሆን ምን ያህል እንደተገለበጠ አስቢው። ያው ያዕቆብ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ 5፥4 ላይ፣ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል ይላል፤ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ ገብቷል። ይሄኛውን ያነበበልሽ ሰው የለም። እኔ ላንብብልሽ ብዬ ነው።

ይህ ቁጥር ያስጨነቀው ሰው አንቺ ብቻ አይደለሽም። እ.ኤ.አ. በ415 የሂጶው ጳጳስ አውግስጢኖስ ቤተልሔም ይኖር ለነበረው ለሊቁ ሄሮኒሞስ ስለዚሁ ቃል ደብዳቤ ጽፎለት ነበር። በአንዱ የተሰናከለ በሁሉ በደለኛ ከሆነ ኃጢአት ሁሉ እኩል ነው ልንል ነው ወይ ብሎ። እኩል ነው የሚሉት ስቶይክ የሚባሉ ፈላስፎች ነበሩ። ምሳሌያቸው ውሃ ነው። ከውሃው ገጽ አንድ ክንድ ዝቅ ያለም፣ ታች ወለሉ ላይ ያለም ሁለቱም መተንፈስ አይችሉም፤ ስለዚህ እኩል ሰጥመዋል ይላሉ። አውግስጢኖስ ይህን ምሳሌ አልተቀበለውም። ነገሩ ከጨለማ ወደ ብርሃን እንደሚወጣ ሰው ነው አለ፤ እየቀረበ ሲመጣ ትንሽ ትንሽ እያየ ይሄዳል። ሕግ ሁሉ የቆመው ፍቅር ላይ ስለሆነ ማንኛውም ኃጢአት ፍቅርን ይነካል። «በሁሉ በደለኛ» የሚያሰኘውም ይሄ ነው። ግን አንዱ ከሌላው አብልጦ ይነካል።

ኢየሱስ ራሱስ? ጲላጦስ ፊት ቆሞ፣ ሊሰቀል ሰዓታት ሲቀሩት «ለአንተ አሳልፎ የሰጠኝ ኃጢአቱ የባሰ ነው» አለው፣ ዮሐንስ 19፥11 ላይ። የባሰ ነው ያለው። ጲላጦስን ንጹሕ ነህ አላለውም፤ ሁለቱን ግን አንድ ሚዛን ላይ አልጫናቸውም። ሉቃስ 12 ላይም የጌታውን ፈቃድ እያወቀ ያላደረገው ባሪያ ብዙ ይገረፋል፣ ያላወቀው ጥቂት ይገረፋል።

በእናትሽ በኩል ብትሄጂ ደግሞ ይሄ ነገር ጭራሽ አያከራክርም። የንስሐ አባት ለሐሜትና ለነፍስ ግድያ አንድ ዓይነት ቀኖና አይሰጥም። የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን በጻፋቸው ቀኖናዎች ሆን ብሎ ነፍስ ያጠፋ 20 ዓመት ከቁርባን ይርቃል፣ ሳያስበው ያጠፋ 10 ዓመት። ስለ ሌባ የጻፈውን ሳነብ ያንቺ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ሰርቆ በራሱ ፈቃድ መጥቶ የተናዘዘ አንድ ዓመት ይርቃል። ተይዞ የተጋለጠ ግን ሁለት ዓመት። አንድ ስርቆት ነው፣ ግን እውነቱን ማን አወጣው የሚለው እንኳን ክብደቱን ቀየረው። እስኪ ወንድምሽን አስቢው። ባንክ ባትሄጂ ኖሮ ይነግርሽ ነበር?

«እኛ ወንጌላውያን ግን እንዲህ አንከፋፍልም» ትይኝ ይሆናል። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ አባቶች ኃጢአት ሁሉ በራሱ ሞት ይገባዋል ብለው አጥብቀው አስተምረዋል፣ እውነትሽን ነው። ግን በ1640ዎቹ እንግሊዝ አገር ዌስትሚንስተር ላይ የተሰበሰቡት መምህራን ባዘጋጁት የጥያቄና መልስ ትምህርት ይህንኑ ጥያቄ አንስተው «እኩል አይደለም» ብለው መልሰዋል። ክብደት የሚጨምረውንም ዘርዝረዋል። የተበደለው የቅርብ ሰው ሲሆን። ለሰው የተገባ ቃል ሲፈርስ። ሆን ተብሎ፣ እየተደጋገመ ሲደረግ። ይህን ይዘሽ የወንድምሽን ነገር እይው። «እኔ አለሁልሽ» ብሎ ቃል የገባልሽ ነው። የገንዘቡ መልእክት ስልኩ ላይ በገባ ቁጥር እንደ ገና መምረጥ ይችል ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ማለት ነው። ያንቺ ደግሞ ከአንድ ግማሽ ሰዓት ንዴት የወጣ ቃል ነው። ሁለቱም ኃጢአት ናቸው። እኩል ናቸው ለማለት ግን ዓይንን መጨፈን ይጠይቃል።

«ኃጢአት ሁሉ እኩል ነው» የሚለው አባባል ውስጥ እውነት የለም ማለቴ ግን አይደለም። አለ። ማናችንም ያለ ምሕረት አንገባም። ሌባውም፣ ተሳዳቢዋም፣ ይህን የምጽፍልሽ እኔም። ሰው ይህን ስለ ራሱ ሲለው፣ «እኔም ካንተ አልሻልም» ብሎ ከከፍታው ሲወርድበት፣ ደስ የሚል ቃል ነው። ወንድምሽ ያን ቀን ቆሞ «እሷ ብትሰድበኝም የእኔ ይብሳል» ቢል ኖሮ ደንዝዘሽ አትወጪም ነበር። ችግሩ ቃሉ የዕዳ ማቻቻያ ሲሆን ነው። ይሄን አባባል በሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ውስጥ ደጋግሜ አግኝቼዋለሁ፣ ሲባል ያየሁትም ለተጎዳው ሰው ነው። ለተደበደበችው፣ ለተከዳው። ሲበዛ ያናድደኛል፣ አልደብቅሽም። ኃጢአት እንደ ሁለት ነጋዴ ሂሳብ አይደለም፣ ያንቺ ከእሱ ተቀንሶ ዜሮ አይወጣም። እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ነው የሚቆመው።

«ወንድሙን የሚጠላ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው» የሚለውም በጣም እንዳስፈራሽ ገብቶኛል። እሱ ቃል የመግደል ሥር የት እንደሚጀምር ያሳያል፤ «እኔ እኮ ማንንም አልገደልኩም» ብለን እንዳንዝናና ነው። ግን የተሰደበ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ራቱን ይበላል፣ የተገደለ አይገባም። ይህን ልዩነት እግዚአብሔር የማያየው ይመስልሻል? ደግሞስ ያለብሽ እውነት ጥላቻ ነው? እስኪ በጸጥታ ራስሽን ጠይቂ። እንዲጠፋ ነው የምትፈልጊው ወይስ ዓይንሽን አይቶ «በላሁብሽ» እንዲልሽ? መኪና ቢገጨው ደስ ይልሻል ወይስ ሆስፒታል ትሮጫለሽ? እኔ ከደብዳቤሽ ያነበብኩት የተከዳ ሰው ሕመም ነው። «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ» ይላል ኤፌሶን። ቁጣ ብቻውን ኃጢአት ቢሆን እንዲህ አይባልም ነበር።

አሁን ስለ ራስሽ ድርሻ። እዚህ ላይ አላባብልሽም፣ አንቺም አላባበልሽም፤ የልጅቷን ፊት ራስሽ ነሽ የጻፍሽልኝ። ለአባቷ የተናገርሽው አንድ ነገር ነው፣ ልጅን ማንሳት ግን ሌላ ነው። እሷ አልሰረቀችሽም። ዳቦዋን ይዛ ቆማ አክስቷ መድኃኒት መግዣ ስትል ሰማች። ይህን በእሱ ስርቆት አታካክሺው። እሱም ስርቆቱን በስድብሽ እንዳያካክስ የምንከለክለው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትሄጂው ለዚህ ይሁን። ለልጅቷ በእሷ ቋንቋ አጭር አድርገሽ ንገሪያት። «ያን ቀን በጣም ተናድጄ ክፉ ነገር ተናገርኩ፣ ልክ አይደለሁም፣ እወድሻለሁ» በቂ ነው። ለእናቷም፣ ለእናታችሁም እንዲሁ። ለወንድምሽም «በሰው ፊት ስላዋረድኩህና ልጅህን ስለረገምኩ ይቅርታ» በይው። ከይቅርታው ኋላ «ግን አንተም» የምትል ቃል አትከተል። ያቺ «ግን» ሌላ ቀን፣ በሌላ ወንበር ላይ ነው ቦታዋ።

ሌላው ቀን የገንዘቡ ቀን ነው። ዘኬዎስን ታውቂዋለሽ። ኢየሱስ ቤቱ ሲገባ ቀራጩ ያለው «ሁላችንም ኃጢአተኛ ነን» አልነበረም፤ ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆነ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። ንስሐ ከእጅም ይወጣል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 6ም ባልንጀራው አደራ ያስቀመጠበትን የካደ ሰው ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ ይጨምርበት ይላል። አደራ ነው የሚለው፣ ልክ እንዳንቺ።

ሽማግሌዎቹ ዘንድ መመለስሽም አይቀርም፣ ተመለሽ እላለሁ። ተቆጥተሽ ሳይሆን የጳውሎስን መልእክት ወደ ፊልሞና ይዘሽ። ጳውሎስ አናሲሞስን ከጌታው ሲያስታርቅ «በድሎህ ወይም ብድር ያለበት እንደ ሆነ በእኔ ላይ ቁጠረው» ብሎ ነው የጻፈው። ዕዳውን አላጠፋውም፣ ራሱ ተሸከመው። ይህን በትሕትና ጠይቂያቸው፦ «አባቴ፣ ይቅር ብያለሁ። ዕዳው ግን የት ሄደ?» በክስም፣ በአሽሙርም አይደለም፤ እውነት ጠይቂያቸው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ወደ ፍርድ ቤት አትካሰሱ ሲል በመካከላችሁ የሚፈርድ አንድ አስተዋይ የለም ወይ ነበር ያለው። በመካከላችሁ ፍረዱ ማለት ነው እንጂ ጉዳዩን እርሱት ማለት አይደለም። ስለዚህ የሚከታተል አንድ ሰው እንዲመድቡ ለምኛቸው።

ይህን ሁሉ ስታደርጊ 310,000 ብር አንድ ላይ ይመጣል ብለሽ አትጠብቂ። እንደማይመጣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ከደመወዙ በየወሩ ቢሆን፣ 2,000 ብርም ቢሆን፣ በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። በባንክ ይግባ እንጂ በእጅ አይሁን። ውክልናውን እስካሁን ካልሻርሽው ደግሞ ይህን ምክር አንብበሽ ሳትጨርሺ ሂጂና ሻሪው።

ውርርዱን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ለዓመታት ሌላ ሰው የሠራበትን ገንዘብ ይዞ ቤቲንግ ቤት የተመላለሰ ሰው፣ ማቆም ሲፈልግም የሚያቅተው ደረጃ ላይ ደርሶ ይሆናል። ይሄ ጥፋቱን አያጠፋም፤ እንዴት እንደምትይዢው ግን ይቀይራል። አንዴ ብቻ ልሞክርና ሁሉን ልመልስልሽ ካለሽ አምስት ሳንቲም አትስጪው። ሚስቱን አታርቂያት፣ እውነቱን የነገረችሽ እሷ ናት፣ በዚያ ቤት ውስጥ አንቺን የምትመስለው እሷ ሳትሆን አትቀርም። ሐኪም ወይም አማካሪ ቢያናግር ጥሩ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችሁም ከዕንባው ይልቅ ይህን ብትከታተልለት ይሻለዋል።

ይቅርታና አመኔታ ደግሞ የተለያዩ ናቸው። ዛሬ ይቅር ብለሽው ነገ ደብተር ላትሰጪው ትችያለሽ። አንድ ቀን ደግሞ ራስሽ «የቀረውን ተውኩልህ» ትይ ይሆናል። እሱ ስጦታ ነው፣ በጣም ትልቅ ስጦታ። ግን ስጦታ የሚሆነው ካንቺ እጅ ሲወጣ ነው። ሽማግሌዎች ባንቺ ስም ሊሰጡት አይችሉም። እስኪ ለራስሽ ይህንንም መልሺ፦ የበለጠ ያመመሽ ገንዘቡ ነው ወይስ ያን ቀን ሁሉም አሜን ሲል ያንቺን ሰባት ዓመት ማንም አለማንሳቱ? መልስሽ ሁለተኛው ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ከወንድምሽ የምትፈልጊው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ጠይቂው። «ምን እንዳደረግክ በአፍህ ንገረኝ» በይው።

ጌታ እራት ስለመቅረትሽ፣ ቃሉ የሚለው «ሰው ራሱን ይፈትን እንዲሁም ከዚህ እንጀራ ይብላ» ነው። ይፈትንና ይቅር አይልም፣ ይፈትንና ይብላ ነው። አንቺ ራስሽን ለወራት ፈትነሻል። ከልጅቷ ጋር ከተነጋገርሽ በኋላ ባለው እሑድ ሂጂና ውሰጂ። ልብሽ ውስጥ ንዴት ቢኖርም፣ ይዘሽው ቅረቢ።

ቅዳሜ ብትሄጂ ጥሩ ነው፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት አትሄድም። ዳቦ ይዘሽላት ሂጂ። የባንክ ደብተሩን ያን ቀን ቤት አስቀምጪው፤ እሱ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።